በፈረስ ጋጣ ዙሪያ ለሚተኛ ውሃ የትኛው መፍትሔ ይሻላል? የማፋሰሻ ዘዴዎች ንጽጽር

በፈረስ ጋጣ ዙሪያ ውሃ እየተኛ ግቢው ጭቃ ሲሆን፣ ለአብዛኛው ባለቤት ቶሎ የሚታየው መፍትሔ መሬቱን አስቆፍሮ የተበሳሳ ቧንቧ መቅበር ነው። ቧንቧው በተገቢው ቦታ ሲውል ጥሩ አገልግሎት እንደሚሰጥ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ከአማራጮቹ ሁሉ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ፣ ሲደፈን ለመጠገን የሚያስቸግርና ከመሬት በላይ ለሚፈስ ውሃ እምብዛም የማይፈይድ ስለሆነ፣ በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ዘዴ ነው። ከእሱ በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው አሸንዳ፣ የመሬቱን ተዳፋት ማስተካከል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ቦይ፣ የማስረጊያ ጉድጓድና የመሬቱን ገጽ በጠጠር ማጠናከር ናቸው። ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደሚመረጥ ለመወሰን ውሃው የት እንደሚተኛ ከማየት ይልቅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ፈረስ ለረጅም ጊዜ ጭቃ ውስጥ ሲቆም ሰኮናው ውሃ እየመጠጠ ይለሰልሳል፤ በሰኮናው ሥር ባለው ለስላሳ ክፍል ግራና ቀኝ በሚገኙት ስንጥቆች ውስጥም አየር በሌለበት የሚራቡ ባክቴሪያዎች ክፉ ሽታ ያለው ጥቁር ብስባሽ ያስከትላሉ። ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ እርጥበት ሲሰነብትበት ይቆስላል፣ ቅርፊትም ያወጣል። ጭቃው የብረት ጫማን እየሳበ ይነቅላል፤ እንስሳውም ሲንሸራተት ጅማቱ ይጎዳል። የቆመው ውሃ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። በዚህ ላይ 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚደርስ ፋንድያና ሽንት ስለሚጥል፣ በጋጣው ደጃፍ የሚያልፍ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ሁሉ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ቆሻሻ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ንጽጽር ሁሉ የሚመራው በአንድ መለኪያ ነው፤ ንጹሑን ውሃ ፋንድያና ጭቃ ሳይነካው የሚያስወጣ ዘዴ፣ ከተበከለ በኋላ ለማስወገድ ከሚሞክር ዘዴ ይቀድማል።

ከምርጫው በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው የሚካሄደው ዝናብ እየጣለ ነው። መሬቱ ከደረቀ በኋላ የሚደረግ ግምት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ኩሬው የቀረበት ቦታ ውሃው የገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል። በከባድ ዝናብ ወቅት በጋጣው ዙሪያ ሲዞሩ አራት ምንጮች ሊታዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ሲሆን፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር መሬቱን እየቦረቦረ ቀጥ ያለ መስመር በማውጣቱ ይታወቃል። ሁለተኛው ከላይ ካለው ተዳፋት፣ ከመንገድ ወይም ከጎረቤት ማሳ የሚመጣ ጎርፍ ነው፤ ይህም ገለባና ደቃቅ አፈር እየጠረገ ስለሚመጣ በግድግዳው ወይም በአጥሩ ሥር የደለል ክምር ይተዋል። ሦስተኛው ከመሬት ውስጥ የሚመነጭ እርጥበት ሲሆን፣ ዝናቡ ካቆመ ከብዙ ቀናት በኋላም መሬቱ እንደራሰ ከቆየ ሊጠረጠር ይገባል። አራተኛው ባለቤቱ ራሱ የሚያመጣው ውሃ ነው፤ የሚያንጠባጥብ የመጠጫ ገንዳ ወይም ፈረስ የሚታጠብበት ቦታ በበጋም ጭቃ ሊያበዛ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን በቦይ ለመፍታት መሞከር ትርፉ ድካም ስለሆነ መጀመሪያ ቧንቧውን መጠገን ይበጃል።

ሁለተኛውን ከሦስተኛው ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። ዝናብ ካባራ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጭቃው በበዛበት ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ከጉድጓዱ ጎንና ሥር ውሃ እየመነጨ ከገባ ችግሩ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በዚህ ጊዜ የተቀበረ ማፋሰሻ ትርጉም ያገኛል። ላይኛው 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ሆኖ ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ግን፣ ችግሩ በሰኮና ተጠቅጥቆ ውሃ የማያሳልፍ የሆነ የላይኛ ንብርብር ነው። በጋጣ ዙሪያ የሚያጋጥመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ሲሆን፣ እንዲህ ባለ መሬት አንድ ሜትር ወርዶ የተቀበረ ቧንቧ ከላዩ ያለው ኩሬ ሳይደርሰው ባዶውን ሊቀመጥ ይችላል።

የጣሪያ ውሃ፦ አሸንዳ ወይስ በጠጠር የተሞላ ቦይ?

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በዚህ ስሌት 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ጣሪያ፣ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ዕለት 5,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በግድግዳው ሥር፣ ማለትም ፈረሶቹ በብዛት በሚቆሙበትና በሚመላለሱበት ጠባብ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ የጣሪያውን ውሃ ሳይዙ ስለ ሌላ ማፋሰሻ ማሰብ የነገሩን ጅራት ይዞ መጎተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሸንዳ ከሌሎቹ ዘዴዎች የሚበልጥበት ዋና ምክንያት ውሃውን ገና ንጹሕና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሳለ መያዙ ነው። ከፍታ ያለው ውሃ ያለ ምንም ሞተር ወደሚፈለገው አቅጣጫ ሊላክ ወይም በታንከር ተጠራቅሞ ለግቢ ማጠቢያና ለአቧራ ማርጠቢያ ሊውል ይችላል፤ አንድ ጊዜ መሬት ከነካ በኋላ ግን ይህ ዕድል የለም። አሸንዳው በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያዘነብል ተደርጎ ይሰቀላል፤ ለ10 ወይም ለ12 ሜትር ርዝመትም አንድ ወራጅ ቧንቧ ይመደባል። ረጅም ጣሪያ ላይ አሸንዳውን ከመሃል ወደ ሁለቱም ጫፎች ማዘንበል፣ አንደኛው ጫፍ ከመጠን በላይ ዝቅ እንዳይል ይረዳል። ወራጁ ቧንቧ ግድግዳው ሥር ማብቃት የለበትም፤ ባልተበሳ ቧንቧ ተቀጥሎ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ በተቻለ መጠንም ፈረስ ከሚደርስበት አጥር ውጭ ሊወጣ ይገባል። ፈረስ ያገኘውን ቧንቧ ሁሉ የሚታከክበት ስለሆነ፣ በሚደርስበት ቦታ ያለው ወራጅ በወፍራም የብረት ቧንቧ ወይም በእንጨት መከለያ ሊጠበቅ ያስፈልጋል።

የአሸንዳ ደካማ ጎን ጥገና መፈለጉ ነው። ዛፍ በተጠጋው ጋጣ ላይ ቅጠል ይደፍነዋል፤ በረዶ በሚጥልባቸው አገሮችም ከብረት ጣሪያ እየተንሸራተተ የሚወርደው በረዶ ሊነቅለው ይችላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የሚሠራ በጠጠር የተሞላ ቦይ ሁለተኛው ምርጫ ይሆናል። ቦዩ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ኖሮት፣ ጂኦቴክስታይል በሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይለበጥና ከሥሩ የተበሳ ቧንቧ ተኝቶበት ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር መጠን ባለው የታጠበ ጠጠር ይሞላል። ይህ ቦይ መሬቱ እንዳይቦረቦርና ጭቃ ወደ ግድግዳው እንዳይረጭ ያደርጋል። ነገር ግን ፈረስ የሚረግጠው ከሆነ ፋንድያና ጭቃ ወደ ጠጠሩ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ሊደፍነው ይችላል። በመሆኑም ሰዎችና ፈረሶች በሚወጡበትና በሚገቡበት የጋጣው ፊት ላይ አሸንዳ፣ ማንም በማይመላለስበት ጀርባ ላይ ደግሞ የጠጠር ቦይ ማድረግ ለብዙዎች የሚስማማ ቅይጥ ነው።

ከላይ የሚመጣ ጎርፍ፦ የሚቀለብስና የሚያሳልፍ

የመሬቱን ተዳፋት ማስተካከል ከሁሉም ይቀድማል፤ ሌላው ዘዴ ሁሉ ቢሠራም ባይሠራም መሬቱ ወደ ጋጣው ካዘነበለ ውሃው ወደ ጋጣው ይሄዳል። ከግድግዳው እስከ 3 ሜትር ባለው ርቀት 5 በመቶ፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ እንዲኖር ማድረግ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቦዩ ድረስ 2 በመቶ ይበቃል። ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሲባጎና ውሃ ልክ፣ ወይም ግንበኞች እንደሚያደርጉት በውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በቂ ነው። በዓይን ብቻ የሚወሰን ተዳፋት ግን አይታመንም፤ በተለይ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሜዳ የሚመስለው መሬት ወደ ጋጣው ያዘነበለ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

አዲስ ጋጣ ለሚሠራ ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ የጋጣውን ወለል ከዙሪያው መሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ መሥራት ከኋላ ከሚመጣው ጣጣ ሁሉ ያድናል። ለነባር ጋጣ ይህ ዘዴ ተገልብጦ ይሠራል፤ ወለሉን ማንሳት ስለሚከብድ በዙሪያው ያለውን መሬት መቁረጥ ይቀላል። ለዓመታት በግድግዳው ዙሪያ የተከማቸውን ፋንድያ፣ ጉዝጓዝና ደለል መጥረግ ብቻውን መሬቱን በደንብ የሚያወርድባቸው ጊዜያት አሉ፤ ስለዚህ አፈር ከማስመጣት በፊት ያለውን ማንሳት ሊታሰብ ይገባል።

የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከጋጣው በላይ በኩል፣ ተዳፋቱን በማቋረጥ ይቆፈራል። ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሆነ ለዘብ ያለ ዝቅታ ይሰጠውና ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ጠልፎ በጋጣው ጎን ያሳልፋል፤ የተቆፈረው አፈር በታችኛው ጠርዝ ላይ ሲከመር እንደ እርከን ሆኖ ውሃውን ያግዳል። ሣር የለበሰው ቦይ በአንጻሩ ውሃን ከመጥለፍ ይልቅ የተጠራቀመውን ውሃ በዝግታ ወደ መውጫው ለማድረስ የሚያገለግል ሲሆን፣ ጎኖቹ እጅግ የተንጣለሉ፣ ለ1 ሜትር ጥልቀት 4 ሜትር ስፋት ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ለአብዛኛው ግቢ ይበቃል። ሁለቱ አብረው የሚሠሩ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ምርጫ የሚመጣው ቦታ ሲጠብ ነው። በዚያን ጊዜ የጎርፉ መነሻ ከግቢው ውጭ ከሆነ መቀልበሻው፣ ውሃው ግቢው ውስጥ የሚጠራቀም ከሆነ ደግሞ ሣር የለበሰው ቦይ ቅድሚያ ያገኛል።

ቁልቁለታማ ጎን ያለው ጥልቅ ክፍት ቦይ ለፈረስ አደገኛ ስለሆነ ከምርጫው ሊወጣ ይገባል። የደነገጠ ፈረስ የእግሩን ማረፊያ አይመርጥም፤ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ቦይ እግር ለመስበር በቂ ነው። እንዲህ ያለ ቦይ የግድ ከሆነ በአጥር መከለል አለበት። ሣር የለበሰውን ቦይም ቢሆን ሣሩ እስኪይዝና መሬቱ ርጥብ በሆነ ጊዜ ሁሉ ከፈረስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በአንድ ክረምት ተረግጦ ጭቃ ይሆናል። የቦዩ ቁልቁለት ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ሣር ብቻውን መሸርሸርን ስለማይችል፣ በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ ደርድሮ የውሃውን ፍጥነት መስበር ይገባል።

የእነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ገደብ መውጫው ነው። ውሃው ወደ ጎረቤት ይዞታ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ወንዝ እንዲለቀቅ ከመደረጉ በፊት የአካባቢው ሕግ ምን እንደሚፈቅድ መጠየቅ ይገባል፤ ችግሩን ከራስ ግቢ ወደ ሰው ግቢ ማሻገር መፍትሔ አይባልም። ከሁሉ የሚሻለው መውጫ በሣር በደንብ የተሸፈነ ሰፊ መሬት ሲሆን፣ ውሃው በላዩ ላይ ተዘርግቶ ሲያልፍ ደለሉን ይጥላል።

የተቀበረ ቧንቧ የሚያዋጣው መቼ ነው?

የተበሳሳ ቧንቧ የሚያዋጣው የምርመራው ጉድጓድ የከርሰ ምድር ውሃ መኖሩን ሲያሳይ፣ በተለይም ጋጣው በኮረብታ ግርጌ ተሠርቶ ውሃው ከአቀበቱ በኩል በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ሲመጣ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት አቀማመጦች ይነጻጸራሉ። አንደኛው ቧንቧውን ከጋጣው በላይ በኩል ቀብሮ ውሃውን ሳይደርስ መጥለፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ ርጥብ በሆነው ቦታ መሃል ቀብሮ ማድረቅ ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይመረጣል ማለት ይቻላል፤ ቦታው ፈረስ የማይረግጠው ሊሆን ስለሚችል ዕድሜው ይረዝማል፣ የሚይዘውም ንጹሕ ውሃ ነው። ሁለተኛው የሚቀረው ውሃው ከአንድ ጎን ሳይሆን ከሥር እየገፋ ለሚመጣባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው።

አሠራሩ ላይ የሚፈጸሙ ጥቂት ስህተቶች ሙሉ ሥራውን ከንቱ ያደርጉታል። ቧንቧው 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ለአብዛኛው ጋጣ ይበቃል፤ ዝቅታው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ሲሆን ከግማሹ ማነስ የለበትም። ቀዳዳዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ ወደ ታች እንዲመለከቱ ተደርጎ ይተኛል፤ ውሃው ከሥር ሞልቶ ሲነሳ ቶሎ ወደ ቧንቧው እንዲገባ ነውና። ጂኦቴክስታይሉ በቧንቧው ዙሪያ የሚሞላውን ጠጠር በሙሉ ሊያቅፍ ይገባል። መኪና ወይም ትራክተር በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ አፈር ከላይ ሊኖር፣ አለዚያም በዚያ በኩል ጠንካራ ያልተበሳ ቧንቧ ሊተካ ይገባል። በየመታጠፊያው መጥረጊያ የሚገባበት ክፍት መተው፣ የመውጫውንም አፍ አይጥና መሰል እንስሳት እንዳይገቡበት በወንፊት መዝጋት ኋላ ከመቆፈር ያድናል።

የአሸንዳን ውሃ ወደተበሳ ቧንቧ ማስገባት በብዙ ቦታ የሚታይ ስህተት ነው። ሊደርቅ የተፈለገውን መሬት ከጣሪያ በመጣ ውሃ ማጠጣት ስለሚሆን፣ የአሸንዳው ውሃ ሁልጊዜ በራሱ ያልተበሳ ቧንቧ ለብቻው ሊሄድ ይገባል። ሁለቱ ቧንቧዎች በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ቢተኙ ችግር የለውም። ፋንድያ የተቀላቀለበትን የግቢ ውሃም ወደዚህ ቧንቧ መምራት አይገባም፤ ደቃቁ ቆሻሻ ጨርቁን እየለጠፈ ይዘጋዋል፣ ያልተዘጋውም ብክለቱን ሳያጣራ በቀጥታ ወደ መውጫው ያደርሰዋል።

የማስረጊያ ጉድጓድ

ግቢው ሜዳ ሆኖ መውጫ ሲታጣ ብዙ ሰው ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያዘነብላል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም መጠኑ ይታሰብ። በጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ለውሃ የሚቀረው ክፍተት ከጠቅላላው መጠን 35 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰውን 5 ሜትር ኩብ የጣሪያ ውሃ ለመያዝ 14 ሜትር ኩብ የሚሆን ጉድጓድ ያስፈልጋል። ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የፕላስቲክ ሳጥኖች ይህን መጠን በብዙ ይቀንሳሉ።

የአፈሩን የማስረግ አቅም ለመፈተን ጉድጓዱ በሚታሰብበት ጥልቀት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ በውሃ ይሞላል፤ አንዴ እንዲሰርግ ከተደረገ በኋላ እንደገና ተሞልቶ በሰዓት ስንት እንደቀነሰ ይለካል። በሰዓት 2.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ተስፋ አለው። 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይወርድ ከሆነ፣ በመረሬና በሌላ ሸክላማ አፈር ላይ እንደሚሆነው፣ የሚሠራው ማስረጊያ ሳይሆን የተሸፈነ ኩሬ ነው። ጉድጓዱ ከማንኛውም ግንባታ ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ አለበት፤ የሚገባበትም የጣሪያ ውሃ ብቻ መሆን ይኖርበታል፤ ፋንድያ የነካው ውሃ ወደ ከርሰ ምድር መግባት የለበትም።

የሚረገጠውን መሬት ማጠናከር

ውሃው ሁሉ ከተቀለበሰ በኋላም በጋጣው በር፣ በግቢው መግቢያ፣ በመኖና በመጠጫ ገንዳ ዙሪያ ጭቃ ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም እዚያ የሚወርደው ዝናብ ራሱ በሰኮና ከተፈጨ አፈር ጋር ይቦካል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት በሩ ወይም ገንዳው እዚያ የግድ መሆኑ ነው። የመጠጫ ገንዳን ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ አንስቶ ወደ ከፍተኛው ቦታ ማዛወር፣ ወይም የአጥሩን በር ጥቂት ሜትር ወደ ላይ መግፋት፣ በርካታ መኪና ጠጠር ከሚያስገኘው የበለጠ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ቦታው የማይለወጥ ከሆነ የተፈጨ ጠጠር በጂኦቴክስታይል ላይ ማንጠፍ ለብዙው ሁኔታ የተሻለው ምርጫ ነው። በመጀመሪያ ጭቃውና ፋንድያው እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ይጠረጋል፤ ጨርቁ ይዘረጋል፤ በላዩ ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ማዕዘናማ ጠጠር ተጠቅጥቆ፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ ይለብሳል። ጨርቁን ለመቆጠብ መሞከር ከንቱ ቁጠባ ነው፤ በጭቃ ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ጠጠር እየሰመጠ ይጠፋል፣ በዓመቱም ሌላ ጠጠር ይጠይቃል። የወንዝ ድቡልቡል ጠጠርም ሰኮና ሥር ስለሚንከባለል እርስ በርስ አይያያዝም። የገጹ ተዳፋት ከ2 እስከ 4 በመቶ ይሁን።

የፕላስቲክ ማጠናከሪያ ሰሌዳ፣ ቀዳዳዎቹ በጠጠር ተሞልተው ሲነጠፍ፣ ጠጠሩ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ስለሚይዘው በጠባብና በብዛት በሚረገጥ መተላለፊያ ላይ ከተራ ጠጠር ይበልጣል፤ ድክመቱ ሥሩ በደንብ ካልተስተካከለ እየተወዛወዘ መሰበሩ ነው። ኮንክሪት ለማጠብና ፋንድያ ለመጥረግ ከሁሉ ይቀላል፤ ነገር ግን ውሃ የማያሳልፍ በመሆኑ የማፋሰሱን ችግር ወደ ጠርዙ ያዛውረዋል፣ ለእግርም ጠንካራና አንሸራታች ስለሆነ በመጥረጊያ ተቧጥጦ ሻካራ እንዲሆን መደረግ አለበት። ለመታጠቢያ ቦታና ለፋንድያ ማከማቻ እንጂ ፈረስ ለሚውልበት ግቢ አይመከርም።

የእንጨት ፍቅፋቂ ለስላሳ፣ በቀላሉ የሚገኝና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲነጠፍ ወዲያው እፎይታ የሚሰጥ ነው። ሆኖም በአንድ ወይም በሁለት ዓመት በስብሶ ራሱ ጭቃ ስለሚሆን እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ ሊታይ ይገባል፤ ከጥቁር ዋልነት ዛፍ የተገኘ ከሆነም ለፈረስ መርዛማ ስለሆነና የሰኮና ብግነት ስለሚያስከትል ፈጽሞ መግባት የለበትም። አሸዋ ደግሞ ውሃ ቢያሳልፍም መኖ በሚበላበት ቦታ መነጠፍ አይገባውም፤ ፈረሱ ከድርቆሹ ጋር እየዋጠው በአንጀት ውስጥ ተከማችቶ ከባድ የሆድ ቁርጠት ያመጣል።

ቆሻሻው ውሃ

ሽንት፣ የመታጠቢያ ውሃና ከፋንድያ ክምር የሚንጠፈጠፈው ፈሳሽ ከላይ በተጠቀሱት ቦዮች ውስጥ መግባት የለባቸውም። በእያንዳንዱ የፈረስ ክፍል መሃል የፍሳሽ ቀዳዳ ማውጣት በወረቀት ላይ ጥሩ ቢመስልም፣ ጉዝጓዝ ስለሚደፍነውና ሽታ ስለሚይዝ በቂ ጉዝጓዝ አንጥፎ በየዕለቱ ርጥቡን ማውጣት ይሻላል። የመታጠቢያው ቦታ ግን ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ፀጉርና ፋንድያ የሚዘቅጥበት፣ በቀላሉ የሚከፈትና የሚጠረግ መቀበያ ጉድጓድ ከፊቱ ይቀመጣል። የመቀበያው ክዳን የፈረስን ክብደት የሚሸከም፣ ክፍተቶቹም ሰኮናም ሆነ የብረት ጫማ የማይዙ ጠባብ መሆን አለባቸው። የፋንድያው ክምር ከፍ ባለ ቦታ ተሸፍኖ፣ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ለእሱም ቢሆን ከላዩ በኩል ጎርፍ የሚያስቀይር ትንሽ ቦይ ያስፈልገዋል።

በአንድ ጊዜ ሁሉንም መሥራት ላልቻለ

ጋጣው ለጥ ባለ ሸክላማ መሬት ላይ ከሆነ አሸንዳ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና የተጠናከረ የጠጠር ገጽ አብዛኛውን ችግር ይፈታሉ፤ ማስረጊያ ጉድጓድና የተበሳ ቧንቧ እዚያ ላይ የሚጠበቅባቸውን አያደርጉም። ተዳፋት መካከል ወይም ግርጌ ላለ ጋጣ መቀልበሻው ቦይ ከአሸንዳም ቀድሞ ሊሠራ ይችላል፤ ከላይ የሚመጣው የጎርፍ መጠን ጣሪያው ከሚያወርደው ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል። አሸዋማ አፈር ላይ ያለ ደግሞ ከአሸንዳና ከማስረጊያ ጉድጓድ ሌላ ብዙም ላያስፈልገው ይችላል። ከእነዚህ በኋላ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት አሳልፎ መመልከት ይጠቅማል፤ የተቀበረው ቧንቧ የሚያስፈልግ መሆኑና የት ላይ እንደሚያስፈልግ በዚያን ጊዜ ከቀረው ርጥብ ቦታ በግልጽ ይታያል።

ቁፋሮው በደረቅ ወቅት ይሁን፤ ርጥብ አፈር በማሽን ሲረገጥ ይጠቀጠቅና ችግሩን ያብሰዋል። ከመጀመሩ በፊትም የተቀበሩ የመብራትና የውሃ መስመሮች የት እንደሚያልፉ መረጋገጥ አለበት፤ ፈረሶቹም ክፍት ቦይ ከሌለበት ግቢ እንዲውሉ ይደረግ። ቦይም ሆነ ቧንቧ ሁልጊዜ የሚቆፈረው ከመውጫው ተነስቶ ወደ ላይ ነው፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ ዝናብ ድንገት ቢጥል ውሃው በተቆፈረው ቦይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ግድግዳው ሥር በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ አይጠራቀምም።